ከስሜን ምጣድ እስከ ኩባ ማጀት

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተነበበ ንግግር)



ማኅበራችን ስለ ውጭ አገር ሕዝቦች ኑሮ በየተራ ንግግር እንዲደረግ ሲወስን ለእኛ የደረሰን ርእስ የኩባ ምግብ አሠራርና ልማድ ነው። ይህን የሰሙ አንዳንድ ጓደኞቻችን፥ «የደባርቅና የዳባት ልጅ የኩባን ወጥ ከየት ያውቀዋል?» ብለው ቀልደውብናል። ቀልዱን በደስታ ተቀብለነዋል፤ ዳሩ ግን ነገሩን ስንመረምረው ኩባን እንደሚወራላት ከማጀታችን የራቀች ሆና አላገኘናትም። እናቶቻችን በየቀኑ ወጥ ውስጥ የሚጨምሩት በርበሬ ዘሩ ከዚያ ክፍለ ዓለም የመጣ ነው፤ ኩባውያን ማለዳ ተነሥተው የሚጠጡት ቡና ደግሞ ዘሩ ከእኛ አገር የወጣ ነው።

ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው ስለ ሁለት ማጀቶች ነው። አንዱ በካሪብ ባሕር ውስጥ ያለው የኩባ ማጀት ሲሆን፥ ሌላው ከስሜን ተራሮች ግርጌ ያለው የእኛው ማጀት ነው። ከሁለቱ ንጽጽር አንድ ጥያቄ ስለሚወጣ እርሱን በመጨረሻ ለእናንተ እናቀርባለን። የአገራችንን ነገር በአገራችን አቆጣጠር፥ የውጭውን ነገር እ.ኤ.አ. እያልን የምንናገር መሆናችንን አስቀድመን እናስታውቃለን።

፩. ድስት እንደ ታሪክ መጽሐፍ

ስጳኞች ከመምጣታቸው በፊት በኩባ ደሴት ይኖሩ ከነበሩት ሕዝቦች መካከል ታይኖ የሚባሉት ይገኙበታል። የእነዚህ ሰዎች ዋና ምግብ በደቡብ አገራችን በወላይታና በጋሞ የሚታወቀው ካሳቫ ነበረ። መራራው የካሳቫ ዐይነት መርዝ ስላለበት እንዲሁ አይበላም። ታይኖዎች ሥሩን ልጠው፥ በሻካራ ነገር ፈቅፍቀው፥ ከሰሌን በተሠራ ረጅም ከረጢት ውስጥ ጨምቀው መርዛማውን ውሃ ያወጡታል፤ ከዚያም ደረቁን ነፍተው ቡሬን በሚባል ክብ የሸክላ ምጣድ ላይ አስፍተው ይጋግሩታል። ይህ ቂጣ ካሳቤ ይባላል።

እንግዲህ ልብ በሉ። አንዱ ከሌላው ሳይማር፥ አንዱ የሌላውን ስም እንኳ ሳይሰማ፥ ሁለት ሕዝቦች ጭቃ አቡክተው፥ ክብ ምጣድ ሠርተው፥ እሳት ላይ ጥደው ምግባቸውን በላዩ ዘርግተዋል። ካሳቤ ከደረቀ ለብዙ ወራት ሳይበላሽ ስለሚቆይ ስጳኞች ራሳቸው ለመርከብ ጉዞ ስንቅ አድርገውታል። ከገጠር ድርቆሽ ተሸክሞ፥ ከተማ ቤት ተከራይቶ የተማረ ጓደኛችን የዚህን ነገር ዋጋ ሳንነግረው ይረዳዋል። የካሳቤ አጋገር በ2024 እ.ኤ.አ. ኩባ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ፥ ከሀይቲ፥ ከሆንዱራስና ከቬኔዝዌላ ጋር ባቀረበችው ጥያቄ መሠረት በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የድኻ ቂጣ ሲባል የኖረ ነገር በዓለም ፊት በክብር ተጠራ ማለት ነው።

ኮሎምቦስ በ1492 እ.ኤ.አ. ደሴቲቱን ካየ በኋላ ስጳኞች በ1511 እ.ኤ.አ. ይይዟት ጀመር። አሳማና ከብት፥ ሩዝና ሽንኩርት፥ ነጭ ሽንኩርትና ከሙን ይዘው መጡ። የታይኖ ሕዝብ አብዛኛው በግዴታ ሥራና ከባሕር ማዶ በመጣ በሽታ አለቀ። ከዚያ በኋላ ለሸንኮራ አገዳ እርሻ አፍሪካውያን በባርነት እየተጫኑ መጡ። ጌቶቻቸው ይሰፍሩላቸው የነበረው ምግብ በጨው የደረቀ ሥጋና በጨው የደረቀ ዓሣ ነው። እነርሱ ግን የአገራቸውን ምግብ አልረሱም፤ ባሚያንና ሌላውንም የአትክልት ዐይነት ከነስሙ ይዘው ቆዩ። ባሚያ ዛሬም በኩባ የሚጠራው ከአፍሪካ በሄደ ስም ነው። ባርነት በኩባ የቀረው በ1886 እ.ኤ.አ. ነው። ከ1847 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ በውል የተቀጠሩ የቻይና ሠራተኞች ወደ ሸንኮራው እርሻ ስለ መጡ የእነርሱም እጅ በድስቱ ውስጥ ገባ።

ፌርናንዶ ኦርቲዝ የተባለው የኩባ ሊቅ በ1939 እ.ኤ.አ. በሀቫና ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎች ንግግር ሲያደርግ አገሩን አሂያኮ በሚባለው ምግብ መስሏታል። አሂያኮ ማለት ልዩ ልዩ ሥራሥር፥ በቆሎ፥ ሥጋና አትክልት በአንድ ድስት የሚቀቀሉበት ወፍራም ሾርባ ነው። በድሮው ልማድ ድስቱ ሙልጭ ተደርጎ አይጠረግም ነበር፤ ከትናንት የተረፈው ሳይደፋ ዛሬ የተገኘው በላዩ ይጨመርበታል። ስለዚህ ከሥር ያለው ሟሙቶ መረቅ ሆኗል፤ መካከሉ እየበሰለ ነው፤ ከላይ ያለው ገና ጥሬ ነው። ኦርቲዝ ኩባ የምትባለውም ሁልጊዜ በመብሰል ላይ ያለች እንጂ በስላ የወጣች አገር አይደለችም በማለት አስረዳ። ይህ ንግግር የተደረገው እንደ እናንተ ላሉ ተማሪዎች መሆኑን ስንረዳ፥ ስለ ድስት መናገር ለተማሪ ጉባኤ የሚያሳፍር ነገር አለመሆኑን ተገንዝበናል።

፪. ስለ ጣዕሙ

የኩባ ወጥ መነሻው ሶፍሪቶ ይባላል። ሽንኩርት፥ ነጭ ሽንኩርትና የማያቃጥል ቃሪያ ደቅቀው በዘይት ወይም በስብ በቀስታ ይጠበሳሉ፤ ከሙንና ኦሬጋኖ የሚባለው ቅጠል ይጨመርበታል፤ ቲማቲምም ይገባበታል። ይህ ከእኛ ቁሌት ጋር ወንድማማች ነው። ልዩነቱ፥ የእኛ እናቶች ሽንኩርቱን በመጀመሪያ ያለ ዘይት በደረቁ ያማስሉታል፤ ውሃው ሲመጠጥ ዘይት ወይም ቅቤ ይጨምራሉ፤ ከዚያ በርበሬው ገብቶ ውሃ ጠብ እያደረጉለት ጥሬ ሽታው እስኪለቅ ድረስ ያቁላሉታል። ኩባዊቱ ሶፍሪቶውን በደቂቃዎች ትጨርሰዋለች፤ የእኛዪቱ ግን ቁሌቱን ከቸኮለችበት ወጧ እንደማይሆንላት ታውቃለች።

ከሁሉ ይልቅ የገረመን የበርበሬ ነገር ነው። ታይኖዎች በርበሬን አሂ ይሉታል፤ አሂያኮም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። የዛሬው ኩባዊ ግን የሚያቃጥል ምግብ አይወድም፤ ወጡ ለእኛ አልጫ ነው። በርበሬ ግን ባሕር ተሻግሮ፥ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት በ16ኛው መቶ ዘመን ከፖርቱጋሎች ጉዞ ጋር ወደ እኛ ደረሰ። ከዚያ በፊት አባቶቻችን የሚያቃጥል ነገር የሚያገኙት ከቁንዶ በርበሬ፥ ከጥምዝና ከዝንጅብል ነበረ። ዛሬ በርበሬ የሌለበትን ወጥ ወጥ ነው የሚል ሰው ጥቂት ነው። በቆሎውም፥ ድንቹም፥ ቲማቲሙም ከዚያው ክፍለ ዓለም የመጡ ናቸው። በ19ኛው መቶ ዘመን እዚሁ ስሜን በእንጨትቃብ ዕፅዋት ይሰበስብ የነበረው ጀርመናዊ ቪልሄልም ሺምፐር ድንችን በ1858 እ.ኤ.አ. ገደማ ወደ አገራችን እንዳስገባ ይነገርለታል። ዛሬ ደባርቅ ገበያ ወጥቶ ድንች የባዕድ ነገር ነው የሚል የለም። እንግዲህ «ጥንታዊ ምግባችን» የምንለው ሁሉ ሲቀበልና ሲሰጥ የኖረ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ኩባውያን የዘወትር ምግባቸው ሩዝና ቦሎቄ ነው። ጥቁር ቦሎቄ ከነጭ ሩዝ ጋር አብሮ ሲበስል «ሙሮችና ክርስቲያኖች» ይባላል፤ ስሙ በስጳንያ ምድር የእስላምና የክርስቲያን ነገሥታት ያደረጉትን ረጅም ጦርነት ያስታውሳል። ጠላት የነበሩት በአንድ ሳህን ታርቀዋል ማለት ነው። በምሥራቁ የደሴቲቱ ክፍል በቀይ ቦሎቄ የሚሠራው ኮንግሪ ይባላል። «አሮጌ ልብስ» የሚባል ወጥም አላቸው፤ የበሬ ሥጋ ብዙ ሰዓት ተቀቅሎ፥ እንደ ክር ተተርትሮ፥ በሶፍሪቶና በቲማቲም ይሠራል። በበዓል ቀን ደግሞ በነጭ ሽንኩርትና በኮምጣጣ ብርቱካን ተለውሶ የተጠበሰ አሳማ ያቀርባሉ። አሳማውን የእኛ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም አይቀበለውም፤ ነገር ግን ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ እሳቱን ከብቦ የሚያድርበትን ምክንያት የፋሲካን ዶሮ ሌሊት ቆሞ የጠበቀ ሁሉ ያውቀዋል።

ቡና ወደ ኩባ የገባው በ1748 እ.ኤ.አ. ሲሆን፥ ያስገባውም ሆሴ አንቶኒዮ ሄላቤርት የሚባል ሰው ነው። ከሀይቲ አብዮት የሸሹ ፈረንሳውያን ደግሞ በምሥራቁ ተራሮች ላይ እርሻውን አስፋፉት። ኩባዊው ቡናውን በትንሽ ሲኒ፥ ወፍራም አድርጎ፥ በብዙ ስኳር ይጠጣል። አቦል፥ ቶናና በረካ የሚባል ነገር የለውም፤ ነገር ግን ጎረቤት ሳይጠራ ቡና መጠጣት በእርሱም ዘንድ ያስነውራል።

፫. ኢትዮጵያውያን በኩባ ገበታ

ይህ ሁሉ የመጽሐፍ ወሬ ብቻ አይደለም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን በተደረገው ጦርነት የኩባ ወታደሮች ከእኛ ሠራዊት ጎን ተሰልፈው ሞተዋል፤ በአዲስ አበባ በሚገኘው የትግላችን ሐውልት ቦታ ለእነርሱም መታሰቢያ አለ። ከዚያ ጦርነት በኋላ ከ1971 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች፥ በጦርነቱ ወላጅ ያጡትም ጭምር፥ ወደ ኩባ ተልከው የወጣቶች ደሴት በሚባለው ስፍራ ተምረዋል። የቀኑን እኩሌታ በክፍል፥ እኩሌታውን በብርቱካንና በመሰሉ ፍሬዎች እርሻ ያሳልፉ ነበር። ከእነርሱ መካከል ሐኪሞችና መሐንዲሶች፥ መምህራንና የእርሻ ባለሙያዎች ወጥተዋል።

እንጀራ የለመደ ልጅ ሩዝና ቦሎቄ በየቀኑ ሲቀርብለት ምን እንደሚሰማው ከቤቱ ርቆ የተማረ ሁሉ ይገምተዋል። ቋንቋን በመጽሐፍ መማር ይቻላል፤ አዲስ አገር ግን በመጀመሪያ የሚገባው በአፍ ነው። ምላስ ከለመደ በኋላ ደግሞ ሌላ ናፍቆት ይጀምራል፤ ወደ አገሩ ሲመለስ የዚያኛው ገበታ ይናፍቀዋል። ሰው ሁለት አገር አለኝ የሚለው ሁለት ዐይነት ረኀብ ሲያውቅ ነው።

፬. የእኛው ማጀት

አሁን ፊታችንን ወደ ስሜን እንመልስ። ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገደኛ ዳባትን አልፎ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ ደባርቅ ይደርሳል። ደባርቅ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ከእርሷ በስተምሥራቅ መሬቱ እየወጣ ከ4,500 ሜትር በላይ ወዳለው ራስ ደጀን ያመራል፤ በስተሰሜን ደግሞ በኢጣልያ ወረራ ዘመን በተሠራው የልማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ዛሪማ ቆላ ይወርዳል። ስለዚህ በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ማጀቱ ሦስት ጊዜ ይለወጣል። ከታች የማሽላ እንጀራና ሰሊጥ፥ ከመካከል ጤፍና ሽምብራ፥ ከላይ ገብስና ባቄላ። ውርጩ ሌላውን እህል ሁሉ በሚመልስበት ከፍታ ላይ ገብስ ብቻውን ይቆማል። «ገብስ የእህል ንጉሥ» የተባለውም በከንቱ አይደለም።

የገብስን ሥራ በዝርዝር እንመልከተው፤ ምክንያቱም የምንበላውን እንጂ የሚሠራበትን መንገድ ብዙዎቻችን አናስተውልም። ገብስ ገለባው ከፍሬው ጋር ስለሚጣበቅ ረጠብ ተደርጎ በሙቀጫ ይፈተጋል። የተፈተገው ተከክቶ ቅንጬ፥ ተፈጭቶ ገንፎ፥ ተቆልቶ ቆሎ ይሆናል። ተቆልቶ ከተፈጨ በሶ ነው፤ በሶ ውሃና ጨው ካገኘ እሳት አይፈልግም፤ ስለዚህ የነጋዴ፥ የእረኛ፥ የወታደርና የተማሪ ስንቅ ሆኖ ኖሯል። ተነክሮ ከበቀለ ብቅል ይሆናል፤ ከጌሾ ጋር ተጠንስሶ ጠላ ይወጣዋል። ጠላ ለማይጠጣው ደግሞ ቀሪቦ ይበጃል። ሊጡ በእርሾ ተቦክቶ እንጀራ ይጋገራል። የገብስ እንጀራ ቶሎ ስለሚደርቅና ስለሚሰነጠቅ ትኩሱ ይበላል፥ ወይም ከጤፍ ጋር ይደባለቃል። በዚህ ላይ የዘሩን ልዩነት ጨምሩበት፤ ጥቁር ገብስ አለ፥ ነጭ ገብስ አለ፥ ገለባው በቀላሉ ስለሚለቅ ሰነፍ ገብስ የሚባል አለ፤ አንዱ ለጠላ፥ አንዱ ለቆሎ፥ አንዱ ለእንጀራ ይመረጣል። ይህን የምትለይ እናት ማንበብና መጻፍ ባታውቅም የእርሻ ሊቅ ናት።

ሊቅ ናት ስንል ለማሞካሸት አይደለም። ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥቶ የገብስና የስንዴ ዘር ሰብስቦ በዐይነቱ ብዛት ተደንቋል። ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ ባሕርይ በካሊፎርንያ ያለውን የገብስ እርሻ ከአቀጭጭ በሽታ ለመጠበቅ ውሏል። በስዊድን ተመራማሪዎች የታወቀው፥ ላይሲን የተባለው ገንቢ ንጥረ ነገር የበዛበት ገብስም ከኢትዮጵያ የሄደ ዘር ነው። እህል በዚህ ንጥረ ነገር ይደኸያል፤ ባቄላና አተር ግን ይሞሉለታል። ስለዚህ ኩባዊው ሩዝን ከቦሎቄ ጋር ሲበላ፥ የዳባት ገበሬ የገብስ እንጀራን ከሽሮ ጋር ሲበላ፥ ሁለቱም ሐኪም ሳያዛቸው ትክክለኛውን መድኃኒት አግኝተዋል። ኩባዊውን ወደ ቦሎቄው የመራው ድህነት ነው፤ እኛን ወደ ሽሮው፥ ወደ ክኩ፥ ወደ ሥልጆውና ወደ ተልባው የመራን ከድህነቱም ሌላ ከዓመቱ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ጾም ነው።

፭. የሚያሳስበን ነገር

እስካሁን የተናገርነው የሚያስደስተውን ነው። አሁን የሚያሳስበንን እንናገር።

አንደኛ፥ እውቀቱ ከሰው ጋር ይሄዳል። በጎንደርና በስሜን ምጣዱንና ጀበናውን በመሥራት የታወቁት ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. አብዛኛው ሕዝባቸው ወደ እስራኤል ሄዷል። አብረዋቸው የሄዱት እጆች የትኛው አፈር ለምጣድ እንደሚሆን ያውቁ ነበር። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከ3,500 ሜትር በላይ ላይ ገብስ እያረሱ ይኖሩ የነበሩት የግጭ ሰዎች፥ ከ400 የሚበልጡ ቤተሰቦች፥ በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደርጓል። ፓርኩ ከ1988 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ላይ ቆይቶ በ2009 ዓ.ም. ከዚያ ወጥቷል፤ ይህ ለዋልያውም ለአገሩም በጎ ነው። ነገር ግን በዚያ ከፍታ የሚዘራው ገብስ መቼ እንደሚዘራ፥ በውርጭ ጊዜ ምን እንደሚደረግለት የሚያውቁት ሽማግሌዎች አሁን የሚኖሩት በከተማ ነው፤ ልጆቻቸው ዱቄት በኪሎ ይገዛሉ።

ሁለተኛ፥ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መባቻ ጦርነቱ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ ወረዳዎች ሲደርስ ብዙ ሰው ሞቷል፥ ተፈናቅሏል፤ ጎተራም ባዶ ሆኗል። ከዚያም በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ድርቁ ጃን አሞራን፥ በየዳንና ጠለምትን መታ። ገበሬ ሲርበው የመጨረሻ የሚበላው ዘሩን ነው። ዘሩ ከተበላ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት የሚዘራው ከሌላ ቦታ በእርዳታ የመጣው ነው። ለጠላ የሚመረጠውና ለቆሎ የሚመረጠው ልዩነት በዚህ ዐይነት በአንድ ክረምት ሊጠፋ ይችላል።

ሦስተኛው ከራሳችን የሚመጣ ነው፤ እርሱም እፍረት ነው። ጤፍ የጌታ፥ ገብስ የድኻ የሚል ነገር በመካከላችን አለ። ከቤቱ የገብስ እንጀራ የመጣለት ተማሪ ከጓደኛው ደብቆ ሲበላ አይተናል። ተራራውን ሊያይ የሚመጣ እንግዳም ደባርቅ ላይ የሚቀርብለት ፓስታና ሩዝ ነው፤ ዋልያውንና ጭላዳውን ሊያይ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዞ የመጣ ሰው ቤቱ የተወውን ፓስታ በልቶ ይመለሳል። በሶውን ያልቀመሰ ስሜንን አየሁ ይላል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። የገብስን እንጀራ ማመስገን ድህነትን ማመስገን አይደለም። ከደባርቅ እስከ በየዳ ያለች እናት ገብስ ብቻ የምትበላው መርጣ ሳይሆን ሌላ አጥታ ከሆነ፥ ስለ ቅርስ የምንናገረው ንግግር አይጠቅማትም። እርሷ የምትፈልገው መንገድ፥ ወፍጮ፥ ዘርና ሰላም ነው። ይህን ሳንል ብንቀር ንግግራችን ከንቱ ይሆናል።

ኩባውያንም ይህን ልዩነት በመከራ ተምረውታል። ኒትሳ ቪያፖል የምትባል ሴት ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ ለብዙ ዓመታት በቴሌቪዥን ስለ ምግብ አሠራር አስተምራለች። በአገሯ ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምግብ በመዝገብ ሲታደል፥ ኋላም በ1991 እ.ኤ.አ. ሶቪየት ኅብረት ፈርሳ ታላቅ ችጋር ሲመጣ፥ ይህች ሴት የሌለውን ነገር አትጠራም ነበር፤ ያለውን ይዛ እንዴት እንደሚበላ ታሳያለች እንጂ። አንዳንዱ ያመሰግናታል፤ ሌላው ደግሞ ያንን የችግር ዘመን ስለምታስታውሰው ስሟን ሲሰማ ይከፋዋል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ነገር ግን ያ ዘመን ካለፈ በኋላ እንኳ ኩባዊው አሂያኮውን እንዴት እንደሚሠራ አልጠፋበትም፤ ተጽፎለታልና።

፮. ስለዚህ ምን እናድርግ?

ከላይ እናቀርበዋለን ያልነው ጥያቄ ይህ ነው፤ የስሜንን ማጀት ማን ይጽፈዋል? ከውጭ የሚመጡ ተመራማሪዎች ዘሩን ሰብስበዋል፥ ተራራውን ለክተዋል፥ ጭላዳውን ቆጥረዋል። ቁሌቱን ግን አልጻፉትም፤ እንዲጽፉትም አንጠብቅ፤ ለእናቶቻችን ልጆቻቸው እኛ ነን።

እኛ የምናቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው።

መጀመሪያ፥ እያንዳንዳችን ለዕረፍት ወደ ቤታችን ስንሄድ አንድ ደብተር ይዘን እንሂድ። ከእናታችን፥ ከአያታችን ወይም ከጎረቤት ባልቴት አንድ ምግብ ወይም አንድ መጠጥ ከዘሩ ጀምሮ እስከ ገበታው ድረስ እንጻፍ። የዘሩ ስም ምንድን ነው? በየትኛው አፈር ይዘራል? ስንት ቀን ይቦካል? በምን እንጨት ይነድዳል? ለየትኛው በዓል ነው? በእጅ እፍኝ የምትለካውን በሚዛን እንለካላት፤ እርሷ የምትለውን ቃል ግን ሳንለውጥ እንመዝግበው። ወንዶች ይህ የሴት ሥራ ነው ብለን እንዳንሸሽ፤ ወጥ መብላት የወንድ ሥራ ከሆነ ወጥ መጻፍም ይሆናል።

ሁለተኛ፥ የተሰበሰበው በማኅበራችን ወረቀት በየጊዜው ይታተም፤ አንድ ቅጂ በቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፤ ሌላው ቅጂ ለተናገረችው እናት ይመለስ። ማንበብ ባትችል ልጇ ያነብላታል። የተናገረችው ቃል ታትሞ በእጇ ስትይዘው የሚሰማትን ክብር ማሰብ ይበቃል። የእርሻ ተማሪዎች የዘሩን፥ የጤና ተማሪዎች የምግቡን ጥቅም፥ የቋንቋ ተማሪዎች ስያሜውን ይመርምሩ፤ መምህራኖቻችንም በዚህ እንዲመሩን በትሕትና እንለምናለን።

ሦስተኛ፥ የማኅበራችን በዓል በሚከበርበት ቀን ገበታው ላይ የገብስ እንጀራ፥ የባቄላ ሽሮ፥ በሶና ቀሪቦ ይቅረብ። ከአጠገቡ አንድ ሳህን ሩዝና ጥቁር ቦሎቄ ቢኖር እኛ አንቃወምም፤ ቦሎቄውም ሩዙም በገበያችን አለ። ከአርሲ፥ ከወላይታ፥ ከትግራይና ከሐረር የመጡ ጓደኞቻችንም የየአገራቸውን ያምጡ። ኦርቲዝ ለሀቫና ተማሪዎች የነገራቸው ድስት በእኛም አዳራሽ ሊጣድ ይችላል።

የተከበራችሁ መምህራን፤ ውድ ጓደኞቻችን፤

አንድ ሕዝብ የሚጠፋው በጦር ብቻ አይደለም፤ እናት ለልጅዋ የምታስተምረውን ስታጣ፥ ልጅም የእናቱን ምግብ ሲያፍርበት ጭምር ነው። በበጋው ዕረፍት ወደ ዳባት፥ ወደ ደባርቅ፥ ወደ ጃን አሞራና ወደ ጠለምት የምትሄዱ ሁሉ ደብተሩን አትርሱ። ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በነጻ ይሰጣችኋል። ስትመለሱ ባዶ ሆኖ እንዳናገኘው፤ በሶ ይዞ የሚመጣ ደግሞ ካለ፥ እርሱንም በደስታ እንቀበላለን።